ምላሷን ያመነች ልጅ ለምን ኤክስ ገባባት? ለልጆች መጻሕፍት አጽዳቂ ክፍል ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። እናንተ ስላጸደቃችሁት አንድ የልጆች መጽሐፍ ስህተት በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ስደውል «አሳታሚውን ጠይቂ» ተባልኩ። አሳታሚው ደግሞ «እኛ የጸደቀልንን ነው ያተምነው» አለኝ። ተመልሼ ወደ እናንተ ስመጣ «ጉዳዩ እየታየ ነው» የምትል ወረቀት ተሰጠችኝ። ማን እያየው እንደሆነ አትናገርም። መቼ አይቶ እንደሚጨርስም አትናገርም። ስለ ማየትና ስለ መስማት የሚያስተምር መጽሐፍ ያጸደቀ ቢሮ እንዲህ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል፣ እውነቴን ነው፣ መሳቅም አምሮኝ ነበር።

መጽሐፉን ያውቁታል። ማህተምዎ ያለበት ነው። ስለ አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀ፣ ሥዕሉ የሚያምር፣ ወረቀቱ ወፍራም መጽሐፍ። የምላስ ሥዕል ያለበትን ገጽ ግን አንብበውት እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ምላሱ በአራት ቀለም ተከፋፍሏል። ጫፉ ጣፋጭ ይቀምሳል ይላል። ከፊት በኩል ጎንና ጎኑ ጨው፣ ከኋላ በኩል ጎንና ጎኑ ኮምጣጣ፣ ወደ ጉሮሮ የሚጠጋው ደግሞ መራራ። ከሥዕሉ ሥር «እስቲ ራሳችሁ ሞክሩት!» የሚል ሳጥን አለ።

ልጄ ሞከረችው።

ስኳር፣ ጨውና ሎሚ አቀረበች። ምራቅ እንዳያዛምተው ብላ ምላሷን በንጹሕ ጨርቅ አደረቀች። ጨዉን ጫፉ ላይ አደረገች፤ ጨው ጨው አላት። ስኳሩን ጎኑ ላይ አደረገች፤ ጣፈጣት። አፏን ተጉመጥምጣ እንደገና ሞከረች። ያው ነው። ምላሷን እንዳወጣች፣ አፏን ሳትዘጋ፣ በጣቷ እየጠቆመች ልታስረዳኝ ታገለች። የምትለው ባይገባኝም ደስታዋ ገብቶኛል። መጽሐፉ ተሳስቷል ማለቷ ነበር። በዚያ ዕድሜ ከዚህ የተሻለ የሳይንስ ሥራ የሚሠራ ልጅ እርስዎ ያውቃሉ? እኔ አላውቅም።

ከዚያ ፈተና መጣ። «ጣፋጭ ነገር የምንቀምሰው በየትኛው የምላሳችን ክፍል ነው?» ይላል ጥያቄው። «በሁሉም» ብላ ጻፈች። ኤክስ። በቀይ እስክሪብቶ፣ ከነማስተካከያው፦ «በጫፉ»።

መምህሯን አነጋገርኳት። ጥሩ ሰው ናት፤ በእሷ አልፈርድም። «ልጅቷ ትክክል ልትሆን ትችላለች፤ እኔ ግን የማርመው በመጽሐፉ ነው» አለችኝ። መጽሐፉን ያጸደቃችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ያ ኤክስ የመምህሯ አይደለም፣ ክቡር ኃላፊ። የእርስዎ ነው።

ይባስ ብሎ፣ ልጄ ቤት ስትመጣ የጠየቀችኝ ስለ ማርኩ አልነበረም። «የእኔ ምላስ የተበላሸ ነው እንዴ?» ነበር ያለችኝ። የስሜት ሕዋሳትን ለማስተማር የተጻፈ መጽሐፍ ልጅን የራሷን ምላስ እንዳታምን አደረጋት። ሞክሪ አላት፣ ሞከረች፣ ያገኘችውን በሐቅ ጻፈች፣ ተቀጣች። በሚቀጥለው ጊዜ «ሞክሩት» የሚል ሳጥን ስታይ ምን የምታደርግ ይመስልዎታል? ዘላው መልሱን ትሸመድዳለች። ብልህ ናት።

ይህ ስህተት አዲስ ግኝት ስላልደረሳችሁ የመጣ ነው እንዳልል፣ የልደት ቀኑ ሳይቀር የታወቀ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ጀርመናዊው ዴቪድ ሄኒግ የምላስን ዳር እየዞረ ለካ። ያገኘው፣ ለየጣዕሙ ያለው ንቃት ከቦታ ቦታ ትንሽ እንደሚለያይ ነው። ትንሽ። አንዱ ቦታ ሌላውን ጣዕም አይቀምስም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤድዊን ቦሪንግ የሄኒግን ውጤት በመጽሐፉ ውስጥ በግራፍ ሲያስቀምጠው ትንሿ ልዩነት ገዝፋ ታየች። ከዚያ ወዲያ ሥዕሉ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1974 ቨርጂኒያ ኮሊንግስ የምትባል ተመራማሪ ነገሩን እንደገና ፈተሸችው። ልዩነቱ አለ፣ ነገር ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ በአራት ቀለም ተሽሞንሙኖ፣ በእርስዎ ማህተም ታጅቦ ልጄ ቦርሳ ውስጥ የገባው።

አሠራሩም ቢሆን አስቸጋሪ አይደለም። በምላስ ላይ፣ በላንቃና በጉሮሮ ጭምር፣ የጣዕም እምቡጦች የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። በእያንዳንዱ እምቡጥ ውስጥ ከ50 እስከ 100 የሚሆኑ ሕዋሳት ተሰብስበዋል። አንዱ ሕዋስ ለጣፋጭ፣ ሌላው ለመራራ፣ ሌላው ለኮምጣጣ ይሠራል፤ ሁሉም ግን እዚያው አንድ እምቡጥ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው። ለዚህ ነው ልጄ ጨዉን የትም ብታደርገው ጨው ጨው ያላት። ደግሞ ጣዕሞቹም አራት አይደሉም። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ አምስተኛውን፣ የሥጋ መረቅ ዓይነቱን ጣዕም ኡማሚን፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ለይቶ ሰይሞታል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው እኮ!

በስልክ ያገኘኋት አንዲት ባልደረባዎ «ልጆች ስለሆኑ ቀለል ተደርጎ ነው» አለችኝ። ከቢሮዎ የሰማሁት ብቸኛ መከራከሪያ ይህ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። «ምላሳችን በሁሉም ቦታው ሁሉንም ጣዕም ይቀምሳል።» ይኸው። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። አራት ቀለም አይፈልግም፣ ሽምደዳ አይፈልግም። እውነቱ ከውሸቱ የቀለለ ሆኖ ሳለ ውሸቱን ለልጆች ማቅለያ ነው ማለት ምን የሚሉት ነው?

የቀረውን ገጽ ሁሉ አልዘረዝርም። አምስት የሚለው ቆጠራ ከአርስቶትል ዘመን የመጣ ነውና ለርዕስነት ይሁን። ግን መጽሐፉ «የሰው ልጅ ያሉት አምስት ብቻ ናቸው» ብሎ ይዘጋዋል። ልጆች እየዞሩ ተጫውተው ድንገት ሲቆሙ ቤቱ ይዞርባቸዋል። ዓይናቸውን ቢጨፍኑም ይዞርባቸዋል። ታዲያ ከአምስቱ በየትኛው ነው? በውስጠኛው ጆሮ ሚዛናችንን የምንጠብቅባቸው ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች አሉ። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ልጁ ከቆመ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መንቀሳቀሱን ይቀጥላል፤ አንጎልም ገና እየዞርን ነው ብሎ ያስባል። ይህን ማንበብ የማይወድ ልጅ የት አለ? መጽሐፉ ስለ ጆሮ የሚለው ግን «የምንሰማበት ነው» ብቻ ነው። የንክኪው ገጽም ሻካራና ለስላሳ ብሎ ያበቃል። ሙቀት የለም፣ ሕመም የለም።

አንዱን ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። የዓይኑ ገጽ የሚያልቀው «ዓይን ባይኖረን ስለ ዓለም ምንም ማወቅ አንችልም ነበር» ብሎ ነው። በልጄ ክፍል ማየት የማይችል ልጅ አለ። ይህ ዓረፍተ ነገር ጮክ ተብሎ ሲነበብ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሉዊ ብሬል ዓይኑን ያጣው በሕፃንነቱ ነው፤ በጣት የሚነበበውን ባለ ስድስት ነጥብ ጽሑፉን የሠራው በ15 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1824 ነበር። ስለ ስሜት ሕዋሳት ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ ታሪክ ከየት ይመጣል? የእናንተ መጽሐፍ ስሙን አላነሳም። ለዚያ ልጅ የተረፈው ያቺ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት።

መመሪያውን እኔ ለእርስዎ አላስታውስም። ስለ ሳይንስ የሚያወራ የልጆች መጽሐፍ ማህተም ከማግኘቱ በፊት ሙያው ባለው ሰው መታየት እንዳለበት ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን መጽሐፍ ማን አየው? የሥዕል ባለሙያው ስም አለ። የገጽ ቅንብር የሠራው ሰው ስም አለ። የማተሚያ ቤቱ ስልክ ሳይቀር አለ። ይዘቱን ያረጋገጠው ሰው ስም ግን የለም። አንድ የሥነ ሕይወት መምህር ለአንድ ከሰዓት ቢሰጠው ኖሮ የምላሱ ገጽ አያልፍም ነበር። አንድ ልጅና ትንሽ ጨው እንኳ ይበቃው ነበር።

መጽሐፉ እንደገና ሊታተም መሆኑን ሰምቻለሁ። የምላሱ ገጽ ይውጣ። የዓይኑ ዓረፍተ ነገር ይውጣ። አስቀድሞ ለተሠራጨው ደግሞ ለትምህርት ቤቶች የማስተካከያ ደብዳቤ ይላክ፤ መምህራን «በሁሉም» ብሎ ለሚጽፍ ልጅ ራይት እንዲያደርጉ። የልጄን ማርክ አልጠይቅም። እሱን እርስዎው ይያዙት።

መልስ ካለዎት በጽሑፍ ይሁን፣ ስምና ፊርማ ይኑረው። «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚለውን ግን አደራ እንዳይልኩልኝ። እሱ አለኝ።

አንዲት ወላጅ