ሟች የማን ልጅ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የጎጃም ወጣቶች ባትማንንና ስፓይደርማንን የመሳሰሉ ሱፐርሂሮዎችን እየወሰዱ በአማርኛ፣ በቴሌግራም በክፍል በክፍል የሚጽፏቸው ታሪኮች (የአድናቂዎች ድርሰት የሚባሉት) ደም በዝቶባቸዋል የሚል ወቀሳ በዚህ ገጽ ወጥቶ አንብበናል። ወቀሳው እውነትነት አለው። «ድብድቡን ቀንሱት» የሚለው ምክር ግን ብዕር ለያዘ ሰው አንዳች አይፈይድለትም። ከስንት ወደ ስንት ይቀንስ?

ከላይ ሆኖ ልክ ማበጀት ተሞክሯል። የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ1954 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በራሳቸው ላይ ደንብ አወጡ። ደንቡ ከልክ ያለፈ ጭካኔን ከለከለ፤ ደም መጣጭና ከመቃብር የሚነሳ ሙት እንዳይሣል አገደ፤ በማናቸውም ታሪክ ደጉ ክፉውን እንዲያሸንፍ አዘዘ። ጡጫው ግን ባለበት ቀጠለ፤ የጠፋው የጡጫው ውጤት ነው። ሰው ከግድግዳ ጋር ተላትሞ አቧራውን አራግፎ ይነሳል፣ ጥርሱ እንኳ አይነቃነቅም። ደንቡ በ1971 ላላ፣ ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ማርቭል በ2001፣ ዲሲ በ2011 ጥለውት ወጡ። ዛሬ ልጆቻችን የሚጽፉት ሃያ ሰው የሚወድቅበትና ማንም የማያለቅስበት ድብድብ የዚያ ዘመን ልጅ ነው ብንል አላጋነንንም።

ስለዚህ የዚህ ዓይነት ድርሰት ሲታረም መታየት ያለበት ከዱላው በኋላ ያለው ገጽ ነው። የተመታውን ማን አነሳው? ቁስሉን ማን አጠበለት? ሟች የማን ልጅ ነው?

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለጎጃም አንባቢ ቀልድ አይደለም። «ደመኛ» የሚል ቃል ያለው ሕዝብ ነን። ሰው የገደለ ከቀዬው ይርቃል፤ የሟች ወገን ደሙን ሊመልስ ይከታተለዋል፤ ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ገብተው፣ ካሳ ቆርጠው፣ በካህን ፊት አስምለው እስኪያስታርቁ ድረስ ነገሩ አይበርድም። እና ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ላይ ስድስት ሰው የገደለ ባለካባ ጀግና ማታ ቤቱ ገብቶ ቡና ሲጠጣ አንባቢው አያምነውም። ስድስት ለቅሶ አለ። ስድስት ድንኳን ይተከላል፣ በ40ኛው ቀን ስድስት ተዝካር ይወጣል፣ ከስድስቱ ቤት ቢያንስ በአንዱ ውስጥ የወንድሙን ገዳይ ፊት በልቡ የያዘ ጎረምሳ ይኖራል። ደራሲው ይህን ሁሉ ለመጻፍ አቅምና ቦታ ካለው ስድስቱንም ይግደል። ከሌለው አንድ ይበቃዋል፤ እሱም ስም ይኑረው።

«ባትማን አይገድልም» እያሉ የሚከራከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣው የመጀመሪያ ታሪኩ ባላንጣውን በቡጢ ብሎ አሲድ ገንዳ ውስጥ የከተተው ራሱ ባትማን ነው፤ አለመግደሉ ኋላ የመጣ ሕግ ነው። ፐኒሸር የተባለው ሌላው የኮሚክ ጀግና ደግሞ በ1974 ሲፈጠር ጀምሮ ገዳይ ነው። እንግዲህ ገጸ ባሕርዩን የተዋሰ ሰው ሁለቱንም መንገድ መምረጥ ይችላል። ስህተቱ በክፍል 2 «እኔ ነፍስ አላጠፋም» ያስባለውን ጀግና፣ በክፍል 9 ድብድቡ ሲያምር ረስቶ፣ አንገት ሲያስቆለምም ነው። ከመጀመር በፊት በአንድ መስመር መጻፍ ያስፈልጋል፦ ይገድላል? ከገደለስ ምን ያጣል?

አሁን ወደ አካሉ እንምጣ፤ ብዙው ድርሰት የሚወድቀው እዚህ ነው።

አንድ የተወደደ ትዕይንት አለ፦ ባላንጣው ልጅቷን ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አናት ላይ ይገፈትራታል፣ ጀግናው ከታች እጁን ዘርግቶ ይቀልባታል። ፏፏቴው 45 ሜትር ያህል ነው። ያን ከፍታ ለመውደቅ 3 ሰከንድ ይፈጃል፤ ታች ስትደርስ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረች ነው። ብረት የሆነ ክንድ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቀጥ ካደረጋት ሰውነቷ የሚቀበለው ጫና የክብደቷን 90 እጥፍ ያህል ነው። ከድንጋዩ አዳናት እንጂ ከክንዱ አላዳናትም። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የወደቀችበትን ከፍታ እስክትቆም በሄደችበት ርቀት ማካፈል፣ በውጤቱ ላይ 1 መደመር። ጀግናው መብረር የሚችል ከሆነ ከ30 ሜትር በኋላ ደርሶባት፣ እኩል እየወረደ አቅፏት፣ በቀሪው 15 ሜትር ቀስ እያለ ያቁማት፤ ያኔ ጫናው የክብደቷ 3 እጥፍ ብቻ ይሆናል፣ ትተርፋለች። የስፓይደርማን ደራሲዎች ይህን ሂሳብ በጭካኔ ተጠቅመውበታል። በ1973 የታተመው 121ኛው ዕትም ላይ የጀግናው ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲ ከድልድይ ተወርውራ ስትወድቅ ድሩ እግሯን ይዞ ያስቆማታል፤ አንገቷ አጠገብ አንዲት ትንሽ የስብራት ድምፅ ተጽፋለች። ከ50 ዓመት በኋላም የምታወያየው ያቺ ድምፅ ናት። በዚያ ገጽ ላይ ደም የለም።

(በነገራችን ላይ፣ ፏፏቴው በሚያዝያ እንደ ነጎድጓድ ሲያገሣ የሚጽፉ አሉ። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል። የሚያስፈራ ጢስ የሚፈልግ ታሪኩን ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ ያድርገው።)

ጭንቅላት ላይ ስለሚያርፍ ሽመልም እንዲሁ። ዘበኛው አንድ ጊዜ ይመታል፣ ሁለት ሰዓት ይተኛል፣ ከዚያ ነቅቶ «የት ነኝ?» ይላል። እንዲህ ያለ የዋህ ምት የለም። በምት ራሱን የሳተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች፣ ቢበዛ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነቃል፤ ሲነቃ ያስመልሰዋል፣ ይደነጋገራል፣ ያው ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል። ሰዓታት ከቆየማ አንጎሉ ተጎድቷል፣ ጀግናችንም ሳያውቀው ሰው ገድሎ ሊሆን ይችላል። ዘበኛውን ከመንገድ ዞር ማድረግ ብቻ ከተፈለገ በር መቆለፍ ይበቃል።

ደምን በሚመለከት አንድ አዋቂ በሰውነቱ 5 ሊትር ያህል አለው፤ የ20 ሊትር ጀሪካን ሩብ ማለት ነው። ከዚያ 2 ሊትር ከፈሰሰ ሕይወቱ አፋፍ ላይ ናት። «ደሙ እንደ ክረምት ጎርፍ መንገዱን ሞላው» ተብሎ በሚቀጥለው አንቀጽ ባላንጣውን የሚያሳድድ ጀግና የፈውስ ኃይል ከሌለው በቀር ሬሳ ነው። የተሰበረ ክንድ ለመግጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል፤ የጭን አጥንት ወራት ይወስዳል። ሁዳዴ መግቢያ ላይ ጭኑ የተሰበረ ሰው ለፋሲካ አይጨፍርም። ይህን የቀን መቁጠሪያ ከድርሰቱ ጎን ያስቀመጠ ጸሐፊ ማንም ሳያዘው ዱላውን ራሱ ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ስብራት ጀግናውን ለሁለት ወር ከሥራ ያስቀርበታልና።

ንብረትም ይቆጠራል። ባላንጣው ቅዳሜ ገበያ መሐል የጤፍ ኩንታሎች ላይ ሲወረወር ጥሩ ሥዕል ነው፤ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ እህል መሆኑን፣ ከጭቃ ጋር የተቀላቀለ ጤፍም እንደማይለቀም የሚያውቅ አንባቢ ግን የጤፉን ሻጭ ሴትዮ መፈለጉ አይቀርም። እሷን በሁለት መስመር ማምጣት ከሦስት ተጨማሪ ቡጢ ይበልጣል።

ቋንቋው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው ድርሰት በእንግሊዝኛ ታስቦ በአማርኛ የተጻፈ ይመስላል። ቡጢው ከየት ተነስቶ በየት አልፎ የት እንዳረፈ በአሥር መስመር ይተረካል። አማርኛ ይህን አይፈልግም። «ድፍት አለ» ብሎ ጸጥ ማለት ይቻላል። «ፍንግል አለ»፣ «ክልትው አለ»፣ «ቀጥ አለ» እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አወዳደቅ አላቸው፦ ድፍት ያለው በግንባሩ ነው፣ ክልትው ያለው ላይነሳ ይችላል። ጸሐፊው ግን አንዱን በሌላው ቦታ ይተካል። ከዚህ የሚብሰው የድግግሞሹ ግስ ነው። «ሰበረው» እና «ሰባበረው» ልዩነታቸው የቃና አይደለም፤ ሰባበረው ከተባለ አጥንቱ ብዙ ቦታ ሄዷል ማለት ነው። «እግሩን ሰባበረው» ካሉ በኋላ «አነከሰ» ማለት አይቻልም፣ የሚያነክስበት እግር የለውም። በአንድ ድብድብ አንድ «ሰባበረ» ወይም አንድ «ቆራረጠ» ከበቂ በላይ ነው፤ ሦስተኛው ላይ አንባቢው ይስቃል።

የኮሚክ ጀግኖች እየተደባደቡ ብዙ ያወራሉ፤ ይህንን ለመተርጎም የሚንገላቱ ወጣቶች ፉከራ አጠገባቸው እንዳለ ይዘነጋሉ። ፎካሪ የሚያስረዝመው ማንነቱን፣ የአባቱን ስም፣ የዋለበትን ሜዳ ነው፤ ምቱ በአንድ ስንኝ ያልፋል። ሁለት መቶ ቃል ፉከራ፣ አንድ ዱላ፣ ከዚያ ዝምታ። ይህ መጠን ለእኛ ጆሮ ይስማማል።

ሴት ገጸ ባሕርያትን በሚመለከት አንነጋገርም እንዳንል ነገሩ በየታሪኩ አለ። በ1994 በወጣው፣ ግሪን ላንተርን በተባለው ኮሚክ 54ኛ ዕትም ጀግናው ፍቅረኛውን ተገድላ ፍሪጅ ውስጥ ያገኛታል። ኋላ የኮሚክ ደራሲ የሆነችው ጌል ሲሞን በ1999 ጀግናውን ለማስቆጣት ብቻ የተገደሉ፣ የቆሰሉ ወይም ኃይላቸውን የተነጠቁ ሴት ገጸ ባሕርያትን ዘርዝራ አወጣች፤ ዝርዝሩም ስሙን የወሰደው ከዚያው ፍሪጅ ነው። የእኛዎቹ ፍሪጁን በጠለፋ ተክተውታል፣ ሌላው ያው ነው። መፈተኛው አንድ ነው፦ የተጎዳችው እሷ ሆና ሳለ ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ሁለት ገጾች የሚናገረው እሱ ብቻ ከሆነ ትዕይንቱ ይውጣ።

ጀግናውን አቁስሎ ማስታመም የሚወዱ ጸሐፊዎችም አሉ፤ በዓለሙ የአድናቂዎች ድርሰት ትልቅ ዘርፍ ነው፣ ነውርም የለበትም። እነሱን የምንመክረው ቁስሉ አንድ እጅ፣ ማስታመሙ ሦስት እጅ ይሁን ብለን ነው። ሲገለበጥ ድርሰቱ የሥቃይ ቆጠራ ይሆናል።

ታሪኩ እየቀጠለ ሲሄድ ዱላው ለምን እንደሚበዛም ምክንያቱ ይታወቃል፣ የጸሐፊው ክፋት አይደለም። አንድ የቴሌግራም መልእክት 4,096 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ 700 ቃል ገደማ። ጸሐፊው በየ700 ቃሉ መቁረጥ አለበት፤ አንባቢው እንዲመለስ በምት ላይ ይቆርጣል። ሃያ ክፍል ሃያ ዱላ ሆነ ማለት ነው፤ ትናንት አሥር ሰው የጣለ ጀግና ዛሬ አሥራ አምስት ካልጣለ ደግሞ ቀዘቀዘ ይባላል። በዜና ላይ፣ በደጅ ላይ በሚሰማ ድምፅ፣ «ልጁ የእሷ ወንድም ነው» በሚል አንድ መስመር ላይ መቁረጥ እኩል ያስጠብቃል፣ ነገም ትልቅ ዱላ አያስከፍልም።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ሐቀኛ አንሆንም። ለጎጃም አንባቢ ተኩስ ዛሬ ከመጽሐፍ የሚያውቀው ነገር አይደለም። የታወቀ ቤተ ክርስቲያን፣ የታወቀ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ በስሙ ጠርቶ ማፈንዳት ለጸሐፊው ጌጥ ሊመስለው ይችላል፤ ከዚያ ሰፈር ለሚያነበው ግን አይደለም። ከተማውን ይፍጠሩት፣ ወይም ጦርነቱን ሰው ወደሌለበት ወደ ጮቄ አናት ያውጡት።

የቀረው ማስጠንቀቂያ ነው። ከትልልቆቹ የአድናቂዎች ድርሰት የኢንተርኔት ማኅደሮች አንዱ፣ አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን፣ ጭካኔን በቁጥር አይገድብም፤ ጸሐፊው የዕድሜ ደረጃ እንዲመርጥ፣ በዝርዝር የተገለጸ ጭካኔ ወይም የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት ካለ እንዲያመለክት፣ ካልፈለገም «ማስጠንቀቂያ አልሰጥም» ብሎ በግልጽ እንዲጽፍ ያደርጋል። በቴሌግራም ይህን የሚያደርግ ሣጥን የለም፣ በእጅ መጻፍ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም፦ «ከ16 ዓመት በላይ። ሰው ይሞታል። ክፍል 6 ላይ የሥቃይ ትዕይንት አለ።» ክፍል 1 አናት ላይ ይቀመጥ፣ ክፍል 6 አናት ላይም ይደገም፣ ብዙ ሰው ከመሐል ነውና የሚጀምረው። የከበደውን አንቀጽ ቴሌግራም ራሱ ባለው የመሸፈኛ ቅርጽ መሸፈን ይቻላል፤ ካልነኩት አይነበብም።

የወጣቶችን ድርሰት የምናርም የአማርኛ መምህራን
ከደብረ ማርቆስ