የሚዛኑ ገመድ ሲነቀል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ኮምፒውተር በደረቀ ቁጥር ጥፋቱን በቫይረስ የሚያላክከው ጽሑፋችሁ አልተዋጠልኝም። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። በኅዳር፣ ቡና በሚጎርፍበት ሰሞን፣ አንድ ነጋዴ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የተጫነበት፣ ከቡና ሚዛን ጋር በገመድ የሚያያዝ ላፕቶፕ አመጣልኝ። ጆንያ ሲጎተት የሚዛኑ የዩኤስቢ ገመድ ከተነቀለ ማሽኑ ድርቅ ይላል።

ጥፋቱ ያለው ከሚዛኑ ጋር በመጣው ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያግባባው ፕሮግራም ውስጥ ነበር። እንዲህ ያለ ድራይቨር መሣሪያዎችን በቁጥር ይመዘግባል፤ ሚዛኑን የሚያነበው ፕሮግራም ሲጠይቅም ቁጥሩን ይዞ ይፈልጋል። ይኼኛው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያስሳል። ለሁለት ሚዛን መዘግየቱ አይታወቅም፣ ይለፈው። አደጋው ሌላ ነው፦ መሣሪያውን አግኝቶ ገና ሳይጠቀምበት ገመዱ ቢነቀል፣ የመሣሪያው መረጃ የተቀመጠበት ማኅደረ ትውስታ ተለቅቆ ድራይቨሩ ባዶ ቤት ያንኳኳል፤ ማሽኑም ይደርቃል።

እናቴ እንግዳው ሲኒውን ሳያስቀምጥ ረከቦቱን አታነሣም። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነልም ለዚህ መላ አለው፦ ሌላ እንዳይነካው መዝገቡን ቆልፎ መፈለግ፣ ቁልፉን ሳይለቁ የተጠቃሚውን ቆጠራ በአንድ መጨመር፤ ማኅደረ ትውስታው የሚለቀቀው ቆጠራው 0 ሲሆን ብቻ ነው። ፍለጋውንም በቁጥር በቀጥታ ወደሚያደርሰው የከርነሉ ማውጫ አዛወርኩት።

ነጋዴው እያየ ገመዱን ደጋግሜ ነቀልኩ፤ ላፕቶፑ ንቅንቅ አላለም። እሱ ግን አላመነኝም፤ ገመዱን በፕላስተር ጠቅልሎ አሽጎታል።

አንድ የጅማ ኮምፒውተር ጠጋኝ