የሽንት መቅጠን ሁሉ ፕሮስቴት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ፕሮስቴት የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን ሽንቱ የቀጠነበት ወንድ ፕሮስቴቱን እንዲመረመር መክሮ እዚያው ላይ ያበቃል። የእኔ ሽንት የቀጠነው በፕሮስቴት አልነበረም። የሽንት ቧንቧዬ ጠቦ ነው። ይህን በወጉ ሳላውቅ 9 ዓመት ተሰቃየሁ። ሌላ ሰው እንደኔ እንዳይሆን ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው አዳማ ነው። 56 ዓመቴ ነው። ከ20 ዓመት በላይ ተሳቢ ነድቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በጅቡቲ መስመር። በ2004 ዓ.ም. ጭነት ላይ ሸራ ስናስር እግሬ አዳለጠኝና ስፖንዳው ላይ እንደ ፈረስ ተፈናጥጬ ወደቅሁ። አንድ እግሬ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ፣ ብረቱ መሃል። ሁለት ቀን ደም ሸናሁ። ከዚያ ተወኝ። ፈጣሪን አመስግኜ ረሳሁት።

ከመንፈቅ በኋላ ሽንቴ እየቀጠነ መጣ። እንደ ገመድ ይወርድ የነበረው ክር ሆነ። አንዳንዴ ለሁለት ይከፈላል። ከጎማው ጀርባ ቆሜ ሳምጥ ረዳቴ ሞተር አስነስቶ ይጠብቀኛል። ጨረስኩ ብዬ ጋቢና ስገባ ሱሪዬ ላይ ይንጠባጠባል። ሌሊት አራት አምስቴ እነሳለሁ። ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» አለኝ። አብሽ ጠጣሁ፤ ጠበልም ሄድኩ። ባለቤቴ አፍ አውጥታ ባትናገርም ጨብጥ ጠርጥራ ነበር። አልፈርድባትም። ያልታከመ ጨብጥም ቧንቧ ያጠባል። ለሕክምና የገባ ካቴተርም (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ሊያጠብ ይችላል። የእኔ ግን የስፖንዳው ጠባሳ ነበር። አፍሬ አወዳደቄን እንኳ አልነገርኳትም። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ስሙ ይቅር። መጀመሪያ የፕሮስቴት ክኒን ሰጡኝ። ስድስት ወር ዋጥኩ፤ ለውጥ የለም። በኋላ ቧንቧውን በብረት ማስፋት ተጀመረ። ሕመሙን አልናገርም። ቧንቧው በሰፋ ማግስት ሽንቴ እንደ ድሮው ይወርዳል፤ ልቤ ይሞላል። ሦስት አራት ወር ሲሆን ይመለሳል። እንዲህ እያልኩ 11 ጊዜ አሰፋሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ራጅ አልተነሳሁም። የጠበበው የቱ ጋ ነው? ርዝመቱ ስንት ነው? የጠየቀ የለም። እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም።

በ2013 ዓ.ም. ከጋላፊ ስመለስ ገዋኔ ላይ ሽንቴ ጭራሽ ተዘጋ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። ረዳቴ ነድቶ ሆስፒታል አደረሰኝ። ከእምብርቴ በታች ወግተው ቱቦ አስገቡልኝና ሽንቱ በከረጢት ወጣ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዩሮሎጂ (የሽንት አካላት) ሐኪም ጻፉልኝ።

ሐኪሙ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ራጅ ማዘዝ ነበር። በብልት ጫፍ በኩል ቀለም ያለው መድኃኒት ገብቶ የሚነሳ ራጅ ነው። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ በጣቱ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይኸውልዎት» አለኝ። ሰፊው ቧንቧ ከቆለጤ ኋላ ሲደርስ ድንገት ክር ይሆናል። 4 ሳንቲ ሜትር። መጀመሪያ አጭር ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ከ2 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ቢሆን ጠባሳውን ቆርጦ ጫፍና ጫፉን መስፋት ይቻል ነበር። ደጋግሞ ማስፋት ግን ቁስል ላይ ቁስል ይጨምራል፤ ጠባሳውን ያስረዝማል። ይህን ስሰማ 11ዱንም ቀን አንድ በአንድ አስታወስኩ።

መፍትሔው ከጉንጬ ውስጥ ቆዳ ወስዶ ቧንቧውን መጠገን ነው ሲለኝ የሚቀልድ መሰለኝ። አስረዳኝ። የአፍ ውስጥ ቆዳ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ሽንት አይጎዳውም። ጠጉር አያበቅልም። ከሌላ ቦታ ጠጉር ያለበት ቆዳ ቢወሰድ ቧንቧው ውስጥ ጠጉር ይበቅላል፤ በላዩም ጠጠር ይሠራል። ጉንጭ ደግሞ ቶሎ ይድናል። ጫት እቅም እንደሆነ፣ ሲጋራ አጨስ እንደሆነ ጠየቀኝ። አፌን ከፍቶ በባትሪ አየ።

ነርስ የሆነችው ልጄ አንብባ እንደነገረችኝ ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ኪሪል ሳፔዥኮ የሚባል ሐኪም በአውሮፓውያን 1890ዎቹ ኪየቭ ውስጥ ሞክሮታል። ከዚያ ተረስቶ ኖሮ ባለፉት 30 ዓመታት በዓለም ላይ ዋና ሕክምና ሆነ።

ቧንቧው እንዲያርፍ ተብሎ ሁለት ወር ከሆዴ ቱቦ ጋር ጠበቅሁ። ኦፕራሲዮኑ በሙሉ ማደንዘዣ ነበር፤ አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። የጠበበውን በቁመቱ ከፍተው የጉንጬን ቆዳ እንደ እራፊ ሰፉበት። ያ ቁራሽ የራሱ ደም ሥር የለውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከተሰፋበት ሥጋ እርጥበት እየመጠጠ ይቆያል። ከዚያ ደም ሥር ይገባለታል። ችግኝ ማለት ነው፤ ሥር እስኪይዝ አይነቀነቅም። ለዚህ ነው ካቴተሩ ሦስት ሳምንት የቆየው።

አፌ ሳምንት አመመኝ። አጥሚትና ቀዝቃዛ ሾርባ ጠጣሁ። በርበሬ የናፈቀኝን ያህል ምንም አልናፈቀኝም።

ብዙ ወንድ የሚፈራውን እኔም ፈርቼ ነበር። ወንድነቴ ይሄዳል ብዬ። ሐኪሙን ጠየቅሁት። በጥቂት ሰው ላይ ለጊዜው ሊደክም ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል አለኝ። የእኔም ተመልሷል። ከ10 ሰው 8 ወይም 9 ያህሉ እንደሚድንም ነገረኝ። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈኝ፤ አንዴም አላሰፋሁም።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው በአውሮፓውያን 1959 ወደ አገራችን ሲመጡ ፊስቱላ የያዛት ሴት ከሰው ተደብቃ ትኖር ነበር። ዛሬ ስለ ፊስቱላ በሬዲዮም በጤና ጣቢያም ይነገራል። የወንዱ የሽንት ችግር ግን አሁንም ከጎማ ጀርባ ነው። እባካችሁ ስለዚህም ጻፉ። ሐኪም ጠይቃችሁ፣ ራጁ ምን እንደሚባል፣ የት እንደሚነሱት ለአንባቢ ንገሩ። ቧንቧው አንዴ በብረት ሰፍቶ ተመልሶ የጠበበበት ሰው ሌላ ብረት ከመግባቱ በፊት ወደ ዩሮሎጂ ሐኪም እንዲላክ ጎትጉቱልን።

ባለፈው ወር ሚሌ ላይ አንድ ወጣት ሹፌር ከመኪናው ጀርባ ቆሞ አየሁ። አሥር ደቂቃ ቆመ። ጋቢናው ውስጥ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ ባዶ ሃይላንድ ተደርድሯል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ሻይ ጋበዝኩትና «ወድቀህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሞተር ሳይክል ነበር። ስድስት ጊዜ አስፍቷል። የራጅ ቀጠሮው ማክሰኞ ነው። ብቻዬን አልሄድም ስላለኝ ሰኞ ማታ አዲስ አበባ እንገናኛለን።

የተሳቢ ሹፌር፣ ከአዳማ
(ስሜን ያልጻፍኩት ልጆቼ ስለለመኑኝ ነው። ዝግጅት ክፍሉ ግን ያውቀዋል።)