ነርሶቻችን ስለ ካንሰር በደንብ ይማሩ

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

እዚህ ኮዬ ፈጬ ጎረቤቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት «ስላላመመኝ ዝም አልኩ» አለችኝ። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ይህን ለልጅ ክትባት ስንሄድ የምናገኛት ነርስ ልትነግረን ትችላለች፤ በደንብ ከተማረችው። የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራም አቼቶ ውስጥ ባለው አሲድ በደቂቃዎች የሚያልቅ ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እህቶች፣ እባካችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የአስታማሚዎች ነገር ነው። የጎረቤቴ ልጅ፣ እናቷን ከኬሞ (ከካንሰር መድኃኒት ሕክምና) በኋላ ትኩሳት ሲይዛት ፎጣ እያረጠበች አነጋች። በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሮጥ እንዳለባት የነገራት አልነበረም። የነርሲንግ ተማሪዎች ቤተሰብን ቁጭ አድርጎ ማስረዳትን በተግባር ይለማመዱ፤ ይፈተኑበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈሩ ነዋሪ