ስንተኛ ወጣሽ ለምትለኝ አባቴ

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራውም ቤቱም ሰላም ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ነገሩን በደንብ ላስረዳህ አልቻልኩም። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አክስቴ ስልኩን ትቀበልሃለች፣ አንተም "ታዲያ ስንተኛ ወጣሽ?" ትለኝና ሳልመልስልህ ሌላ ወሬ ይጀመራል። ስለዚህ ይቺን ቁጭ ብለህ፣ መነጽርህን አድርገህ አንብብልኝ።

አባዬ፣ ስንተኛም አልወጣሁም። እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ሳይክል ስንነዳ አንደኛ የሚባል የለም፣ መጨረሻም የለም።

ጥያቄህ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። አንተ ሳይክል ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚልህ ገረመው ደንቦባ ነው፤ አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ በተሳተፈችበት፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልበርን ድረስ ሄዶ የተወዳደረው ጀግና። ልጅ ሆኜ ስሙን ስትጠራ ድምፅህ ራሱ ይለወጥ ነበር። እኔም ብሆን ውድድር እወዳለሁ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ደስታዬን የት ላድርሰው ነበር ያልኩት። እኔና ጓደኞቼ የምናደርገው ግን ሌላ ነገር ነው።

እሁድ እሁድ ንጋት 11፡30 ላይ ሜክሲኮ አደባባይ እንገናኛለን። ያን ሰዓት ከተማው ገና አልነቃም። ነጠላቸውን የለበሱ እናቶች ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ታክሲ ረዳቶች እያዛጉ ይጣራሉ። መብራታችንን አብርተን፣ አንጸባራቂ ሰደርያችንን ለብሰን በልደታ፣ በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና አድርገን ዓለም ገና እንደርሳለን። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈን አንተ በደንብ የምታውቀውን የቡታጅራ መንገድ እንይዛለን። ስንቴ በአውቶቡስ የተመላለስንበት መንገድ ነው! በሳይክል ሲሆን ግን ሌላ አገር ነው የሚመስለው። በአውቶቡስ መስኮት የማይሸት ነገር ሁሉ ይሸታል፤ የጤፍ ገለባው፣ የኩበቱ ጭስ፣ ዝናብ የነካው አፈር። ልጆች ከጎናችን እየሮጡ "በርቱ! በርቱ!" ይሉናል። አንዳንዱ ልጅ ዳገት ላይ ይቀድመናል፣ እውነቴን ነው።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በመንገዳችን ላይ አዋሽ ወንዝ ዳር ያለችው መልካ ቁንጥሬ 2,000 ገደማ። ስለዚህ ሲሄዱ ቁልቁለቱ ያበዛል፣ ሲመለሱ ደግሞ ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቃል። አዋሽ ድልድይ ጋ ስንደርስ ቆመን በሶ ጭብጧችንን እንበላለን። ረጅም መንገድ ላይ ሳይርብ መብላት፣ ሳይጠማ መጠጣት ግድ ነው፤ ረሃቡ ከመጣ በኋላ ቢበሉ ጉልበት ቶሎ አይመለስም። መልካ ቁንጥሬን ታስታውሰዋለህ አይደል? የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ጥያ ትክል ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1980 ቀድሞት ተመዝግቧል። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት የዓለም ቅርስ እያለ ስንቶቻችን ነን በመኪና ሽው ብለን የምናልፈው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በቡድን ስንሄድ ፍጥነቱን የሚወስነው ጎበዙ አይደለም፤ ቀርፋፋው ነው። ደንባችን ይኸው ነው። ፊት ያለው ሰው ንፋሱን ይሰብራል። ከኋላው ተጠግቶ የሚነዳው ከጉልበቱ እስከ ሲሶ ድረስ ሊቆጥብ ይችላል። ፊተኛው ሲደክመው ወደ ጎን ይልና ከኋላ ይሰለፋል፣ ቀጣዩ ይረከባል። የደከመ ሰው ካለ ግን ተራ አይደርሰውም፣ መሀል ገብቶ ንፋስ ሳይነካው ይነዳል። ፊት ያለው ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያሳያል፤ "ጉድጓድ!" ይላል፣ ቃሉ እስከ መጨረሻው ሰው ይተላለፋል። አይሱዙ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ የመጨረሻው ሰው "መኪና!" ይላል፣ ሁላችንም ወደ አንድ መስመር እንገባለን። መጨረሻ ላይ የሚነዳው ሁልጊዜ ከሁላችን ጠንካራው ነው። ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርም።

በቀደም አንዲት አዲስ ልጅ አብራን ወጥታ ነበር፣ ባንክ ነው የምትሠራው። ለመን ከምትባለው ከተማ አለፍ ብሎ ያለው ዳገት ላይ እግሯ እምቢ አላት። ፊቷ ቀላ፣ "እናንተ ሂዱ፣ እኔ መኪና እይዛለሁ" አለች። ማንም አልሄደም። ያ መጨረሻ ላይ የሚነዳው ልጅ ጎኗ መጣና የግራ እጁን ጀርባዋ ላይ አድርጎ፣ በቀኙ መሪውን ይዞ፣ እያወራት ዳገቱን አወጣት። ስለ ቅያሬ ጫማ ነበር የሚያወራት፣ ሌላ ምንም አይደለም። ላይ ስንደርስ ያጨበጨበ የለም፣ "ጎበዝ" ብሎ ያሸማቀቃትም የለም። ውሃ ሰጠናትና ቀጠልን። በሚቀጥለው እሁድ ከሁላችን ቀድማ ሜክሲኮ ቆማ አገኘናት።

ይህ ደግሞ እኛ የፈጠርነው ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1897 ጣሊያን ውስጥ ከሮም ናፖሊ 230 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አብረው የነዱ ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተስፋፋ። ፈረንሳይ ውስጥ ከፓሪስ ብሬስት ከተማ ደርሶ መልስ የሚባለው ትልቁ መንገድ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሲጀመር ውድድር ነበር፣ ሻርል ቴሮን የሚባል ፈረንሳዊ በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ አሸነፈ። ዛሬ ግን በአራት ዓመት አንዴ የሚደረገው ያለ ደረጃ ነው። ሰዓት አለው፣ ረጅሙ 90 ሰዓት ነው፤ በየጣቢያው ካርድ ይመታልሃል፣ ጎማህን ራስህ ትቀይራለህ፣ በሰዓቱ ከገባህ ጨረስክ ነው። ከእንዲህ ዓይነት ጉዞዎች 200 ኪሎ ሜትር የሆነው አጭሩ እንኳ 13 ሰዓት ተኩል ይሰጠዋል። ስድሳ እና ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰዎች የፓሪስ ብሬስቱን ይጨርሱታል፣ አባዬ። ይህን ልብ በልልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ አደጋው የምትሰጋው ልክ ነህ፣ አላቃልለውም። መኪና ያስፈራል። ለዚህ ነው በንጋት የምንወጣው፣ ለዚህ ነው ያለ ሄልሜት ማንም እንዲነዳ የማንፈቅደው። ስለ መንገዱ ሰላምም ቀድመን ወዲያ ያሉ ሰዎችን እንጠይቃለን፤ ጥሩ ካልሆነ አንወጣም፣ ከተማ ውስጥ እንነዳለን። ከተማውም ቢሆን አንተ እንደምታውቀው አይደለም። ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በኮሪደሩ የሳይክል መንገድ ተሠርቷል። አንተ ከፒያሳ ለገሀር ከአንበሳ አውቶቡስ ጋር እየተጋፋህ ሥራ የምትሄድበትን ዘመን ሳስብ፣ ይህን መንገድ ብታየው እላለሁ። መጣበብ ያለበት ቦታ አለ፣ እግረኛ የሚሞላበት ሰዓትም አለ። ግን አለ፣ ይነዳበታል።

እንግዲህ የጻፍኩበት ምክንያት ይኸውልህ። የገና ሰሞን ቡታጅራ ድረስ ልንመጣ አስበናል። 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥያ ላይ ረጅም እረፍት እናደርጋለን፣ ማታ እናንተ ጋ እናድራለን። ለአክስቴ ንገራት፣ ፍራሽ መሬት ላይ ካለ ይበቃናል። ክትፎው ከመጣ እምቢ አንልም፣ ግን ከነዳን በኋላ ይሁን።

በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ አንተ አብረኸን እንድትወጣ እፈልጋለሁ። ከቤት እስከ ከተማው ዳር ብቻ፣ ሜዳው ላይ። ጃን ሜዳ ኮርቻዬን ከኋላ ይዘህ እየሮጥክ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ ሳይክልህ እቃ ቤት ከቆመች ስንት ጊዜ ሆናት! ጉልበትህን የሚያይህን ሐኪም ጠይቀው፤ ብዙ ጊዜ ጉልበት ለታመመ ሰው ሳይክል ከመሮጥ ይቀለዋል፣ ክብደትን ኮርቻው ስለሚሸከም። ኮርቻውን ትንሽ ከፍ እናደርግልሃለን፣ እግርህ ብዙ እንዳይታጠፍ። ከጓደኞቼ አንዱ የድሮ ሳይክል መጠገን ይወዳል፣ ፍሬኑንና ሰንሰለቱን እሱ ያየዋል። ፍጥነቱን የምትወስነው አንተ ነህ። ማንም አይቀድምህም፣ መጨረሻ ላይ የሚነዳውም ከኋላህ አለ። ደከመኝ ካልክ እንቆማለን፣ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን።

አይሆንም የምትል ከሆነ በግልጽ ንገረኝ፣ አልቀየምም። ከሆነ ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ቆማ የከረመች ጎማ ትሰነጣጠቃለችና አዲስ መግዛት አለብኝ። እቃ ቤት ገብተህ የጎማውን ጎን በጨርቅ ጥረግና የተጻፈውን ቁጥር፣ ማባዣ ምልክቱን ጨምሮ፣ እንዳለ ገልብጠህ ላክልኝ። የፊቱና የኋላው የተለያየ ከሆነ ሁለቱንም። ቅዳሜ መርካቶ ስለምወርድ እስከ ዓርብ ቢደርሰኝ ጥሩ ነው።

የምትወድህ ልጅህ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ