አባባ፣ ስለ ባሕሩ ልንገርዎ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ስንደዋወል «ምን ፍለጋ ነው ባሕር ውስጥ የምትገባው?» ብለውኝ ነበር። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጻፍልዎ ብዬ ነው።

ያለሁት ያፕ በምትባል ደሴት ነው። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ ማይክሮኔዥያ ውስጥ ናት። ዳይቪንግ፣ ማለትም ባሕር ውስጥ ጠልቆ መዋኘት የሚወድ ሰው እዚህ ድረስ የሚመጣው ማንታ ሬይ ለማየት ነው። ማንታ ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፤ ከክንፍ እስከ ክንፍ ከሦስት ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። የሚናደፍበት እሾህ የለውም። ኮራል የሚባለው የባሕር ዓለት አጠገብ መጥቶ ይንሳፈፋል፤ ትንንሽ ዓሦች ከገላው ላይ ተባይ ይለቅሙለታል። እኛ ዝቅ ብለን ዝም ብለን እንጠብቃለን። ማባረር፣ መንካት ነውር ነው። አንዱ ከራሴ በላይ ሲያልፍ ጥላው ሸፈነኝ። እንባዬ መጣ፣ አባባ።

ለትንፋሼ አያስቡ። የአየር ሲሊንደር ጀርባዬ ላይ አለ። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው በላይ ካለው እጥፍ ስለሚሆን፣ ስንወጣ ሳንባ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፤ ለዚህ ነው ትንፋሽ ይዞ መውጣት ክልክል የሆነው። ስንወጣ ቀስ እያልን ነው፤ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ እንቆማለን። ብቻውን የሚገባም የለም።

እርስዎን የሚያስደስትዎ ግን የብስ ላይ ያለው ነው። እዚህ የድንጋይ ገንዘብ አለ፤ «ራይ» ይሉታል። መሃሉ የተበሳ ክብ ድንጋይ ነው። አንዳንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ድሮ በታንኳ ባሕር አቋርጠው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ከምትርቀው ፓላው ፈልፍለው ነው ያመጡት። ዛሬ ከሱቅ ዕቃ የሚገዛው በዶላር ነው። ራይ ለጋብቻ፣ ለካሣ፣ ለመሬት ነው። ባለቤቱ ሲቀየር ትልቁ ድንጋይ ብዙውን ጊዜ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። «ከዛሬ ጀምሮ የእገሌ ነው» ይባላል፤ መንደሩ ይሰማል፤ በቃ። በመንገድ ሰጥሞ ባሕር ውስጥ የቀረ ድንጋይ እንኳ ባለቤት እንዳለው ይተርካሉ። ያኔ እርስዎን አሰብኩ። ስንቱን የድንበር ጠብ ያለ ወረቀት፣ በሰው ፊት በተነገረ ቃል ጨርሰዋል!

መንደር ውስጥ የሚያልፍ እንግዳ ለሰላም መምጣቱ እንዲታወቅ ቅጠል በእጁ ይይዛል፤ እኛ አገር ለእርቅ እርጥብ ሣር እንደሚያዘው። ፎቶም ሳይጠይቁ አይነሳም። ባሕሩስ ቢሆን ዝም ብሎ የሚገባበት መሰለዎት? ዓሣ የሚጠመድበት ቦታ ሁሉ በባህሉ ባለቤት አለው። ባህልን የሚነካ ሕግ ሲወጣ የባህል አለቆች ምክር ቤቶች የመሻር ሥልጣን አላቸው፤ ይህ በሕገ መንግሥታቸው የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ማንታዎቹን የሚጠብቅ ሕግ አወጡ። እኔ ማንታ ያየሁት ባሕሩ ጠባቂ ስላለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ፎቶዎቹን ለእህቴ እልካለሁ፤ አጉልታ ታሳይዎታለች። የደም ግፊት መድኃኒትዎን እንዳይረሱ። ከዳይቪንግ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ስለዚህ በረራዬ ሊዘገይ ይችላልና ቅዳሜ ድምፄን ካልሰሙ አይጨነቁ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እደውላለሁ።

ልጅዎ