የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከታላቅ መስፍንነት እስከ ኢምፔራቶርነት

የታሪክ ክበባችን በዚህ ዓመት ያነሳው ጥያቄ አንድ ገዥ ለራሱ ከፍ ያለ ማዕረግ ሲሰጥ ያንን ማዕረግ የሚያጸናለት ማን ነው የሚል ነበር። ለጥናት የተመረጠው የሞስኮ መንግሥት ነው፤ ገዥዎቹ ከታላቅ መስፍንነት ወደ ጻርነት፣ ከጻርነትም ወደ ኢምፔራቶርነት (ንጉሠ ነገሥትነት) የወጡበት መንገድ ደረጃ በደረጃ ሊከታተሉት የሚቻል ነውና። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የአሥረኛ ክፍል አባላት የሣልሳዊ ኢቫንን ዘመን አቀረቡ። ኢቫን በ1472 የመጨረሻውን የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት የወንድም ልጅ ሶፊያን ማግባቱን፣ በ1480 በኡግራ ወንዝ ዳር ከታታሮች ገዥ ከካን አሕመድ ጦር ጋር ተፋጥጦ የታታሮችን የበላይነት ማክተሙን፣ በ1497ም ባለ ሁለት ራሱ ንስር በማኅተሙ ላይ መታየቱን አስረዱ። ብዙዎቹ ጋብቻውን የሁሉም ነገር መነሻ አድርገው ነበር፤ በእኔ አስተያየት ግን ይበልጥ የሚመዝነው ለታታሮች ይከፈል የነበረው ግብር መቅረቱ ነው። ሩሲያውያን ጻር እያሉ ይጠሩ የነበሩት የቢዛንታይኑን ቄሳር ብቻ ሳይሆን የታታሩንም ካን ስለነበረ፣ ለካኑ የሚገብር መስፍን ያንን ስም ለራሱ ሊወስድ አይችልም ነበር።

በወላጆች ቀን አባላቱ የኢቫን አራተኛን ሥርዓተ ንግሥ በመድረክ አሳይተዋል። ጥር 16 ቀን 1547 ገና የ16 ዓመት ወጣት የነበረው ኢቫን በክሬምሊን በሚገኘው የፍልሰታ ካቴድራል በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን መሪ በሜትሮፖሊታን ማካሪ እጅ ጻር ተብሎ ነገሠ። ተማሪዎቹ የሞስኮ ገዥዎች ይነግሡበት የነበረውን የሞኖማኽን ዘውድ በካርቶንና በወርቃማ ወረቀት ሠርተው ጠርዙን በበግ ለምድ አለበሱት፤ የእውነተኛው ጠርዝ የውድ አውሬ ጠጉር ነው። ዘውዱን የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ሞኖማኮስ ለኪየቩ መስፍን ቭላዲሚር ላከለት የሚለው ትውፊት ሲነበብ፣ አንዲት አባል ንጉሠ ነገሥቱ በ1055 ሲሞት ቭላዲሚር ከተወለደ ገና ሁለት ዓመት ገደማ እንደነበረ አመለከተች። የዓመቱ ምርጥ አስተያየት ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ትውፊቱ የተፈለገው ማዕረጉ አዲስ ሳይሆን የተወረሰ እንዲመስል መሆኑን ሁሉም ወዲያው ተረድቷልና።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ክርክር ዘውድ መጫን ብቻውን በቂ አለመሆኑ ላይ ያተኮረ ነው። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ የማጽኛ ደብዳቤ ሞስኮ የደረሰው በ1561 ነበር፤ በ1552 ካዛን፣ በ1556ም አስትራካን መያዛቸው ደግሞ ኢቫን የካኖችን ዙፋን ወርሻለሁ እንዲል አስቻለው። የፖላንድና የሊቱዌንያ ገዥዎች ግን በደብዳቤዎቻቸው ታላቁ መስፍን እያሉ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ተከራካሪዎቹን ከሁሉ ያስገረማቸው በ1575 የሆነው ነው፤ ኢቫን ከጄንጊስ ካን ዘር የሆነውንና ክርስትና የተነሣውን ስምዖን ቤክቡላቶቪችን የመላው ሩሲያ ታላቅ መስፍን አድርጎ ሾሞ፣ ራሱ የሞስኮ መስፍን ተብሎ ለእርሱ አቤቱታ ይጽፍ ነበር። ነገሩ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ምክንያቱ ምን እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም አይስማሙም፤ የእኛም ሁለት ቡድኖች ሳይስማሙ ተለያዩ፤ እኔም ዳኛ ሆኜ ነጥቡን እኩል ሰጠሁ።

እስከዚያ ይገዛ የነበረው የሩሪክ ዘር በ1598 ሲቋረጥ ቦሪስ ጎዱኖቭ፣ ከብጥብጡ ዘመን በኋላም በ1613 ሚካኤል ሮማኖቭ በጉባኤ ተመርጠው ስለነገሡ፣ ውርስ ባይኖርም ማዕረጉ መቀጠሉ ታየ። ሩሲያውያን መኳንንት በ1610 ለዙፋን የመረጡት የፖላንዱ ቭላዲስላቭ፣ ይህን መብቱን ትቶ ሚካኤልን ጻር ብሎ የተቀበለው በ1634 በፖልያኖቭካ ውል ነው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጊዜው ስላጠረን በታላቁ ጴጥሮስ ላይ የቆየነው ጥቂት ነው። ጴጥሮስ በ1721 ስዊድንን አሸንፎ የኒስታድን ሰላም ከተፈራረመ በኋላ ሴኔቱ ኢምፔራቶር የሚለውን ማዕረግ አቀረበለት። ቀደም ብሎ በ1718 ጴጥሮስ፣ የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ማክሲሚሊያን በ1514 ለሣልሳዊ ኢቫን ልጅ ለታላቁ መስፍን ቫሲሊ ሣልሳዊ የጻፈውንና ቫሲሊን ቄሳር ብሎ የጠራበትን ደብዳቤ አሳትሞ ነበር፤ አዲስ ነገር እየጠየቀ በአሮጌ ወረቀት መሟገቱ አባላቱን የሞኖማኽን ዘውድ አስታወሳቸው። ፕራሻና ኔዘርላንድስ ማዕረጉን ወዲያው ሲቀበሉ፣ ስዊድን በ1723፣ ኦስትሪያና ብሪታንያ በ1742፣ ፖላንድ ደግሞ በ1764 ተቀበለች። ይህንን የጊዜ ሰሌዳ አባላቱ በግድግዳ ጋዜጣ አውጥተውት በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ይገኛል።

ለመጪው ዓመት ክበቡ ጴጥሮስ በ1722 ያወጣውን ባለ 14 እርከን የማዕረጎች ሰንጠረዥ ለማጥናት ወስኗል። አባል ለመሆን የሚፈልጉ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በመስከረም ወር ለክበቡ ጸሐፊ ማመልከት ይችላሉ።